የወል መስካችን እያለቀ ነው፤ ከጎረቤቶቼ ጋር ንግግሩን ከየት ልጀምር?

ጥያቄ፦

«በሰሜን ሸዋ ደጋ የምኖር የሦስት ልጆች እናት ነኝ። ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ ቤቴን የማስተዳድረው በሁለት የተዳቀሉ የወተት ላሞች፣ በአንድ ጥንድ በሬና በጥቂት በጎች ነው። ከመንደራችን በታች ከጥንት ጀምሮ በጋራ ከብት የምናሰማራበት ሰፊ መስክ አለ። ዛሬ ግን ክረምት ከበጋ ከብት ስለማይለየው ሣሩ ቁመት አያወጣም፤ መሐሉን ቦረቦር እየበላው ነው፤ ዳር ዳሩን ደግሞ የሚያዋስኑት ሰዎች በየዓመቱ አንድ ሁለት ፈር እየጨመሩ ወደ እርሻቸው ያስገቡታል። ከእነርሱ አንዱ የልጄ የክርስትና አባት ነው። በጓሮዬ የዘራሁትን አጃና የተከልሁትን ትሪ ሉሰርን የተባለ የመኖ ዛፍ የጎረቤት ከብት ገብቶ አጠፋብኝ፤ ባለቤቶቹን ብናገር ‹ላሞችሽ ከእኛ ከብት እጥፍ እየጋጡ ምን ትያለሽ› አሉኝ። የመስኩ ግማሽ በክረምት ቢከለልና ሣሩ ታጭዶ ብንካፈለው ለሁላችንም እንደሚበጅ አምናለሁ። ነገር ግን ሴት ነኝ፣ ብቻዬን ነኝ፣ በስብሰባም ላይ የሚናገሩት ሁልጊዜ እነዚያው ሰዎች ናቸው። ለቀበሌ አቤት ልበል? የራሴን ብቻ አጥሬ ልቀመጥ? ወይስ ላሞቹን ሸጬ ልገላገል?»

መልስ፦

የተከበሩ እኅታችን፣ ሦስት አማራጮችን አቅርበው ከመካከላቸው አንዱን እንድመርጥልዎ ጠይቀዋል፤ እኔ ግን ለጊዜው አንዱንም አልመርጥልዎትም። ለቀበሌ አቤት ማለትም፣ የራስን አጥሮ መቀመጥም፣ ላሞቹን መሸጥም ወደፊት ሊመጣ የሚችል ነገር ነው፤ ሆኖም ሦስቱም ከጎረቤቶችዎ ጋር ገና ያላደረጉትን ንግግር ዘለው የሚሄዱ ናቸው። ከደብዳቤዎ እንደምረዳው እስካሁን ከእነርሱ ጋር የተነጋገሩት ከብት ጓሮዎ ውስጥ በገባ ቀን ብቻ ነው። እንዲህ ባለ ቀን ሁለቱም ወገን ስለ ጥፋትና ስለ ካሳ ይናገራል፤ ስለ መስኩ የሚናገር አይኖርም። ስለ መስኩ የሚደረገው ንግግር የራሱ ጊዜ፣ የራሱ ቦታና የራሱ አካሄድ ይፈልጋል። ስለዚህ መስኩ ይከለል የሚል ሐሳብ ከማቅረብዎ በፊት፣ እያንዳንዱ ቤት ከዚያ መስክ ምን እንደሚያገኝና ምን እንደሚቀርበት ቤት ለቤት እየዞሩ ይጠይቁ፤ ከብት የሌለውን ቤት ግን ከሁሉ አስቀድመው ይጠይቁት።

ከዚያ በፊት አንድ ነገር በቅንነት መቀበል ይኖርብዎታል። ጎረቤቶችዎ ስለ ላሞችዎ የተናገሩት ቃል ቢጎመዝዝም መሠረት የሌለው አይደለም። አንድ ከብት በቀን የሚበላው ደረቅ መኖ በግርድፉ ሲታሰብ ከክብደቱ ከመቶ ሁለት ተኩል ያህል ነው። 250 ኪሎ የምትመዝን የአገር ላም በቀን 6 ኪሎ ግድም የምትበላ ከሆነ፣ 400 ኪሎ የምትደርስ የተዳቀለች ላም 10 ኪሎ ትፈልጋለች፤ በምትታለብበት ጊዜ ደግሞ ከዚያም ይበልጣል። ስለዚህ ሁለቱ ላሞችዎ በጋራው መስክ ላይ ሦስት የአገር ከብት የሚበላውን ይበላሉ ማለት ነው። ይህን ሌላ ሰው እስኪወረውርብዎ ሳይጠብቁ እርስዎ ራስዎ ቢናገሩት፣ «የእኔ ላሞች ብዙ እንደሚበሉ አውቃለሁ፤ ስለዚህም ነው ድርሻችን ይለይ የምለው» ቢሉ፣ ክሱ ከሰዎቹ አፍ ይወጣና የእርስዎ ማስረጃ ይሆናል። የመከለሉ ሐሳብ ለራስዎ ጥቅም የቀረበ ነው ተብሎ እንዳይጠረጠርም ይረዳል።

አሁን ወደ ጎረቤቶችዎ ቤት እንግባ። በደጋው አገር እንጨት ውድ ነው፤ ከጥቅምት በኋላ የሚወርደው ውርጭም ጭካኔው የታወቀ ነው። ከመስኩ ኩበት ለቅማ ምድጃዋን የምታነድድ፣ የተረፋትንም ገበያ አውጥታ ለጨውና ለዘይት የምትሸጥ አንዲት ላም እንኳ የሌላት ሴት በመንደራችሁ እንደማትጠፋ እርግጠኛ ነኝ። ይህች ሴት «መስኩ ይከለል» የሚል ወሬ ስትሰማ መጀመሪያ የሚታያት የኩበቷ ነገር ነው። «ኩበት የሚለቀመው በበጋ ነው፤ እኛ የምንከልለው በክረምት ነው፤ ምን ይጎድልብሻል?» ብትሏት በከፊል እውነት ይሆናል። ነገር ግን ሣሩ ታጭዶ በየቤቱ ሲገባ ከብቱም በጋጣ ታስሮ ሲበላ፣ እበቱ የሚወድቀው በመስኩ ላይ መሆኑ ይቀርና በባለከብቱ ግቢ ውስጥ ይሆናል፤ የሁሉ የነበረው ኩበት ባለቤት ያገኛል ማለት ነው። እርሷ ይህን ከማንም ቀድማ ታውቀዋለች፤ ግን በስብሰባ ላይ ተነሥታ አትናገረውም። ሳትናገረው የሚያልፍ ስምምነት ደግሞ በነሐሴ ሌሊት የሚጣስ ስምምነት ነው፤ ምንም ያልደረሰው ሰው የሌላውን ሣር የሚጠብቅበት ምክንያት የለውምና።

መሬት ያልደረሳቸው ወጣቶችም አሉ። ለእነርሱ መስኩ ነገ ተሸንሽኖ ሊሰጣቸው የሚችል የመጨረሻው ባዶ ቦታ ነው። «ይከለል» ሲባል «እኛን ለማስቀረት ነው» ብለው ቢያስቡ አልፈርድባቸውም፤ ከአባቶቻቸው ይዞታ ተካፍለው የሚያርሱት ሳይኖራቸው ያደጉ ልጆች ናቸው። ከእነዚህ ልጆች ጋር መነጋገር ከባዱ ሥራ ነው፤ በእኔ አስተያየት ግን ሊዘለል የማይችለውም እርሱ ነው። የመስኩ ጥበቃ በክፍያ ለእነርሱ ቢሰጥ፣ አጨዳውንና ክምሩን እነርሱ ቢሠሩት፣ ከሣሩም እንደ አንድ ቤት ተቆጥረው ድርሻ ቢያገኙና በግ ለማድለብ ቢጠቀሙበት፣ ከአንድ የተጎሳቆለ የእርሻ ቁራሽ የማያንስ ነገር ያገኛሉ። ይህን የሚሉዋቸው ግን የምር ሊፈጽሙት ከሆነ ብቻ ይሁን።

ከዚህ የሚነሣው ሐሳቤ ይህ ነው፦ የሚታጨደው ሣር ቢያንስ በመጀመሪያው ዓመት በከብት ቁጥር መከፋፈሉ ቀርቶ በቤት ቁጥር እኩል ይከፋፈል። ላም የሌላት እናትም፣ አሥር ከብት ያለው አባወራም፣ እርስዎም እኩል ሸክም ይውሰዱ። ላም የሌላት እናት ድርሻዋን ትሽጣለች፤ ገዢዋ ደግሞ ብዙ መኖ የሚያስፈልግዎ እርስዎ ይሆናሉ። በመጀመሪያ እይታ ይህ አከፋፈል እርስዎን የሚጎዳ ይመስላል፤ ላሞችዎ ብዙ ስለሚበሉ በከብት ክብደት ቢሆን ኖሮ የበለጠ በደረሰዎት ነበር። ሆኖም ያስቡት፤ ዛሬ ከመስኩ የሚያገኙት ክረምቱን ሙሉ የተረገጠ አጭር ሣር ነው። ነገ የሚያገኙት ግን በጥቅምት የተከመረ፣ ጥር ላይ ላሞቹ ሲከሱ የሚደርስልዎ ድርቆሽ ነው፤ ከዚያም ሌላ ደጅዎ ድረስ የሚሸጥልዎ ጎረቤት ያገኛሉ። ከሁሉም የሚበልጠው ጥቅም ግን ድርሻ ያለው ሰው ሁሉ ዘበኛ መሆኑ ነው።

ስለ ልጅዎ የክርስትና አባት ለብቻው እጽፍልዎታለሁ፤ ከደብዳቤዎ የተረዳሁት ሥጋትዎ በዚህ ላይ የከበደ መሆኑን ነውና። መስኩን በፈር እየገፋ የሚያስገባ ሰው በብዙ መንደር አለ፤ አብዛኛውንም ጊዜ «ሌላው ሲወስድ እኔ ለምን ልቅር» ከሚል ስሌት ይጀምራል። በስብሰባ መሐል ስሙን ቢያነሡት ይክዳል፤ ከካደ በኋላ ደግሞ በሰው ፊት የተናገረውን ማጠፍ ስለሚቸግረው ከቃሉ አይመለስም። ስለዚህ ስብሰባ ከመጠራቱ በፊት፣ እርሱ የሚያከብራቸውን አንድ ሽማግሌ ይዘው ወደ ቤቱ ይሂዱ። ስላለፈው ፈር አያንሡ። «አቶ እገሌ፣ እርስዎ የልጄ አባት ነዎት፤ ይህ መስክ ካለቀ የክርስትና ልጅዎ ከብት ማሰማሪያ አይኖረውም፤ ወሰኑ ዛሬ ባለበት ይቁም ብንል ከእኛ ጋር ይቆማሉ?» ብለው ይጠይቁት። ወሰኑ ዛሬ ባለበት ይቁም ማለት እስካሁን የወሰደውን ለእርሱ መተው እንደሆነ አውቃለሁ፤ ቅር ሊልዎትም ይችላል። ነገር ግን ትናንት የሄደውን ለማስመለስ የሚደረግ ክርክር ዓመታት ሊወስድ ይችላል፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ ደግሞ ሌሎቹ መግፋታቸውን አያቆሙም። ዛሬ ባለበት የቆመ ወሰን በካብ ድንጋይ ከታየና በወረቀት ከተጻፈ፣ የሚቀጥለው ፈር የአንድ ሰው ሳይሆን የመንደሩ ሁሉ ጉዳይ ይሆናል። ሰውየው እሺ ካላለ ሽማግሌው ምስክር ሆነው ቀርተዋል፤ እርስዎም አላጠፉም።

«ሴት ነኝ፣ ማን ይሰማኛል» ስላሉት፣ መጀመሪያ ሕጉን ላስታውስዎ። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 ሴቶች መሬትን በመጠቀም፣ በማስተዳደርና በመቆጣጠር ረገድ ከወንዶች ጋር እኩል መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። በአማራ ክልል የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ላይ የባልም የሚስትም ስምና ፎቶግራፍ እንዲሰፍር የተደረገውም ከዚሁ መብት የተነሣ ነው። ባለቤትዎ ካረፉ በኋላ ደብተሩ በስምዎ መስተካከሉን ያረጋግጡ፤ ካልተስተካከለ መስኩን ከማንሣትዎ በፊት እርሱን ያስጨርሱ። የወሉ መስክ ላይ ያለዎት የመጠቀም መብትም የማንም ችሮታ አይደለም፤ የአካባቢው ነዋሪ በመሆንዎ የሚገባዎ ነው።

ሕጉ ግን በስብሰባ ላይ ድምፅ አይሰጥዎትም፤ ድምፅ የሚያገኙት አስቀድመው በሠሩት ሥራ ነው። ቤት ለቤት ሲዞሩ በየቤቱ ሴቶቹን አስቀድመው ያነጋግሩ የምልዎት ለዚህ ነው። ጠዋት ወተት የምታልበው፣ ጋጣ የምትጠርገው፣ ጥጃ የምታበላው፣ በበጋ መኖ ሲያልቅ ከወንዱ ቀድማ የምታውቀው ሴቷ ናት፤ ስለዚህ በቤቷ ውስጥ ስለ ሣር ሲወራ ቃሏ ይሰማል። አምስት ስድስት ሴቶች ማታ ለባሎቻቸው ተመሳሳይ ነገር ቢናገሩ፣ በስብሰባው ቀን ወንዶቹ ሐሳቡን እንደራሳቸው ሐሳብ አድርገው ያቀርቡታል። ይህ በመሆኑ አይዘኑ፤ መስኩ ይዳን እንጂ ሐሳቡ በማን ስም ይነገራል የሚለው ሌላ ቀን የሚነሣ ጉዳይ ነው። እረኞቹን ልጆችም ይጠይቁ። የትኛው ጥግ ቶሎ እንደሚያቆጠቁጥ፣ የቱ ረግረግ ላይ ከብት እንደሚሰጥም፣ የትኛው ምንጭ አልቅት እንዳለበት ከእነርሱ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ከአዋቂዎቹ ግን ማንም ጠይቋቸው አያውቅም።

ጊዜውን በተመለከተ ከፋሲካ በኋላ ያሉትን ሳምንታት ይምረጡ። በሚያዝያና በግንቦት መስኩ ራቁቱን ስለሚታይ የከብቱም አጥንት ስለሚቆጠር፣ ችግሩን ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልግም። ዝናብ ወርዶ መስኩ ከለመለመ በኋላ ግን «ሣርማ ሞልቷል» የሚል አይጠፋም። ቀኑ ሰው እርሻ የማይነካበት የበዓል ቀን ቢሆን፣ ከቅዳሴ ወይም ከሰንበቴ መልስ ሁሉም በአንድነት ወደ መስኩ ቢወርድ መልካም ነው። ስብሰባውን በቢሮ ወይም በአዳራሽ አያድርጉት። እየተራመዱ የሚነጋገሩ ሰዎች ጣታቸውን በሰው ላይ ሳይሆን በመሬት ላይ ይቀስራሉ፤ ዝም የሚሉትም «እዚህ ጋ ድሮ ምንጭ ነበር» እያሉ መናገር ይጀምራሉ።

በመስኩ ላይ እንዲታዩ የምፈልጋቸው ነገሮች አሉ። ቦረቦሩ የሚጀምርበትን አናት ይፈልጉ፤ ብዙውን ጊዜ ከብት ወደ ውኃ የሚወርድበት መንገድ ነው፤ ሺህ ጊዜ የተረገጠው መስመር ሣሩን ያጣል፣ ጎርፉም እርሱን ይከተላል። ቦታው ከተገኘ መከለሉ ከዚያ ቢጀምር ይሻላል፤ ለከብቱም ሌላ የውኃ መሄጃ በድንጋያማው በኩል መተው ግድ ነው፤ መንገድ ያልተተወለት ክልል በመጀመሪያው ሳምንት ይፈርሳል። ከዚያም ጎንበስ ብለው ሣሩን ይዩት። በደጋው መስክ ከሣሩ ጋር ተደባልቆ የሚበቅለው ማገጥ ዛሬ በመስካችሁ ላይ ያነሰው አበባ ሳያወጣ፣ ዘር ሳይጥል ስለሚጋጥ ነው። ከብት ክረምቱን ሙሉ በራሰ ጥቁር አፈር ላይ ሲመላለስ አፈሩ ይጠቀጠቃል፤ ሥሩ ያጥራል፤ የሚተካውም ከብት የማይበላው አረም ነው። አንድ ክረምት ብቻ ያረፈ መስክ በመስከረም ማገጡ አብቦ ሲታይ፣ ስለ መከለል ጥቅም ከሚሰጥ ማንኛውም ትምህርት የበለጠ ያሳምናል። ማገጥ በርጥቡ በብዛት ሲጋጥ ሆድ የሚነፋ ቢሆንም ደርቆ ከሣሩ ጋር ሲከመር ለወተት ላም የሚወዳደረው የለም።

ሽማግሌዎቹ ደግሞ መከለል አዲስ ነገር እንዳልሆነ ይነግሯችኋል። በእናንተው ዞን፣ በመንዝ የሚገኘውን የጓሳን መስክ ያስቡ። የአካባቢው ሕዝብ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ጀምሮ በራሱ ሥርዓት ሲያስተዳድረው የኖረ ሲሆን፣ ጓሳ የተባለው ሣር እንዲያድግ መስኩ ለዓመታት ተዘግቶ ይቆይና ሕዝቡ በመረጣቸው አለቆች ውሳኔ ይከፈት ነበር፤ ሣሩም ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ በችግር ጊዜም ለከብት መኖ ይውል ነበር። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ የጥንቱን የመሬት ሥሪት ሲለውጥ ያ ሥርዓት ተናጋ፤ መስኩም ጠባቂ አጣ። በኋላ ግን ሕዝቡ በአዲስ መልክ ተደራጅቶ መተዳደሪያ ደንብ አውጥቶ እየጠበቀው ይገኛል፤ ቀይ ቀበሮና ጭላዳም እስከ ዛሬ የሚኖሩበት ቦታ ነው። ከመንደራችሁ ሁለትና ሦስት ሰው ወደዚያ ሄዶ የመስኩን ጠባቂዎች ቢያነጋግር፣ ከባለሙያ ገለጻ የማይገኝ ነገር ይዞ ይመለሳል።

በመጀመሪያው ዓመት ግማሹን መስክ ይከለል አይበሉ። ከሩቡ የማይበልጠውን፣ ከመንደሩ በግልጽ የሚታየውን ክፍል ይምረጡ፤ ጠብቆ ለማቆየት የሚቀለው እርሱ ነው። ከሰኔ መጨረሻ ጀምሮ ሣሩ እስኪታጨድ ድረስ ማንም ከብት አይግባበት። የበሬዎቹን ነገር ግን አስቀድማችሁ ፍቱት። በሰኔና በሐምሌ ቀንበር የሚሸከመው በሬ ካልጠገበ እርሻው ይበላሻል፤ ስለዚህ ካልተከለለው ክፍል የተሻለውን ጥግ በእርሻ ወቅት ለበሬ ብቻ መተው ተገቢ ነው፤ ይህ ሲደረግ ሐሳቡን አጥብቀው የሚቃወሙት ባለበሬዎች ይለዝባሉ። አጨዳው ዘግይቶ እስከ ኅዳር መቆየት የለበትም፤ ሣሩ ዘሩን አራግፎ ገለባ ከሆነ በኋላ ቢታጨድ ክምሩ ትልቅ ቢሆንም የሚመግበው ትንሽ ነው። ዝናቡ ሲያባራ፣ ሣሩ አብቦ ዘር ሊቋጥር ሲል፣ በአገራችሁ አየር ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥቅምት አጋማሽ፣ በደቦ ታጭዶ ለጥቂት ቀን እየተገለበጠ ቢደርቅና ቢከመር ቀለሙ አረንጓዴ እንደሆነ ይቆያል። ረግረጉ አካባቢ ያለውን ሣር ከብት በርጥቡ ከሚግጠው ይልቅ በደንብ አድርቆ መመገቡ በደጋ ከብት ላይ ትልቅ ጉዳት የሚያደርሰውን የጉበት ትልም ይቀንሳል።

የተስማማችሁበት ሁሉ በወረቀት ይስፈር። የተከለለው መስክ ወሰን ከየት እስከ የት እንደሆነ፣ የሚዘጋበትና የሚከፈትበት ቀን፣ ጠባቂው ማን እንደሆነና ከምን እንደሚከፈለው፣ ከብቱ የገባበት ሰው ምን እንደሚቀጣ፣ ሣሩም እንዴት እንደሚከፋፈል በግልጽ ተጽፎ የሁሉም ቤት ፊርማ ወይም ጣት ይኑርበት። እማወራዎቹም በራሳቸው ስም ይፈርሙ። ቅጣቱ ሰው ሊከፍለው የሚችል ይሁን፤ የከበደ ቅጣት ሽማግሌዎቹ በልመና ያነሡታል፣ አንድ ጊዜ የተነሣ ቅጣት ደግሞ ዳግመኛ አይሠራም። የመጀመሪያው ተቀጪ ከአስተባባሪዎቹ የአንዱ ዘመድ ቢሆን እንኳ ሳይከራከር እንዲከፍል ከወዲሁ ቃል ተግባቡ።

ቀበሌው የሚመጣው በዚህ ጊዜ ነው። የመሬት አስተዳደር ኮሚቴውንና የግብርና ባለሙያውን አስቀድመው ቢጠሯቸው ኖሮ፣ ሰው ጉዳዩን የመንግሥት ትእዛዝ አድርጎ ባየውና «መስኩ ለሌላ ሊሰጥ ነው» የሚል ወሬ በተናፈሰ ነበር። ተስማምታችሁ ስትሄዱ ግን የምትጠይቁት የጋራ ውሳኔያችሁ እንዲታወቅላችሁና መስኩ በወል ይዞታነት ተለክቶ በስሙ እንዲመዘገብ ነው። ይህን ቸል አትበሉት። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 456 የወል ይዞታ እንደ አስፈላጊነቱ ወደ ግል ይዞታ ሊለወጥ እንደሚችል ይፈቅድ ነበር፤ በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አዋጅ ቁጥር 1324 ስለተተካ ዛሬ የሚሠራውን ደንብ ከወረዳው የመሬት ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ ጠይቁ። ወሰኑ ያልተለካ፣ ተጠቃሚው ያልታወቀ መስክ በማንኛውም ሕግ ሥር በቀላሉ የሚነጠቅ መስክ ነው።

መነጋገራችሁ ለሣሩ ብቻ እንዳልሆነም ላንሣ። በአንድ መስክ የሚውል ከብት በሽታውንም ይጋራል። አባ ሰንጋ የገደለው ከብት ሬሳው ከተከፈተ፣ ከእርሱ የሚወጣው ተሕዋስ በአፈሩ ውስጥ ለብዙ ዓሥርተ ዓመታት ሊቆይ ይችላል፤ ሰውንም ይገድላል። ድንገት የሞተ ከብት አይታረድ፣ ቆዳው አይገፈፍ፣ ሳይከፈት በጥልቅ ይቀበር የሚለው ቃል በስምምነታችሁ ውስጥ ቢገባ እወዳለሁ። የአባ ሰንጋ፣ የአባ ጎርባና የጎርርሳ ክትባትም ሁሉም ቤት በአንድ ቀን ከብቱን ቢያወጣ የእንስሳት ሐኪሙ ወደ መንደራችሁ መምጣት ይቀለዋል። የተዳቀሉት ላሞችዎ ለበሽታ ከሌሎቹ ይልቅ የተጋለጡ ናቸውና ይህን ለማስተባበር ቢቀድሙ ለራስዎም ነው።

ስለ ጓሮዎ አጥር አጥብቀው ያጥሩ፤ የራስን ማጠር ነውር የለበትም፣ መስኩን ለመተው ምክንያት እስካልሆነ ድረስ። በዚያው ላይ ግን ከብቱ ለገባብዎ ጎረቤት የትሪ ሉሰርን ዘር ቢሰጡት መልካም ነው፤ ዘሩ ቅርፊቱ ጠንካራ ስለሆነ ከመዘራቱ በፊት በፈላ ውኃ መነከር እንዳለበትም ያሳዩት። በደጃፉ የራሱ ተክል ያለው ሰው ከብቱን ይጠብቃል።

ላሞቹን መሸጥን በተመለከተ ደግሞ እስከ ሰኔ ይታገሡ። ስምምነቱ ካልተሳካ የዚህን በጋ መኖ በራስዎ ማዘጋጀት አለብዎት፦ ከጥር እስከ ሰኔ ባሉት ስድስት ወራት አንዲት የተዳቀለች ላም ብቻ ወደ 1,800 ኪሎ ደረቅ መኖ ትፈልጋለች። የገብስና የስንዴ ገለባዎን በዩሪያ ማከም አንዱ መንገድ ነው፤ ለ100 ኪሎ ገለባ 5 ኪሎ ዩሪያ በ100 ሊትር ውኃ አሟሙተው እኩል እያርከፈከፉ በፕላስቲክ አጥብቀው ይሸፍኑት፤ ቢያንስ 21 ቀን፣ በእናንተ ብርድ ግን አራት ሳምንት ይቆይ። ሲከፍቱት ሽታው እስኪወጣ አናፍሰው በጥቂት በጥቂቱ ያስለምዷቸው፤ ከስድስት ወር በታች ላሉ ጥጆች ፈጽሞ አይስጡ፤ ዩሪያውንም ከብት በማይደርስበት ቦታ ያኑሩት። ክምርዎን ለክተው ለሁለቱ እንደማይበቃ ካዩ፣ ወተቷ ያነሰውን አንዷን በጥቅምትና በኅዳር ሥጋዋ ሳለ ይሽጡ፤ ገበያው በከሱ ላሞች የሚሞላው መኖ ካለቀ በኋላ በመጋቢትና በሚያዝያ ነው። ሁለተኛዋን ግን ያቆዩ።